ሦስት ዋስ ያላጸናው ትዳር

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የቢቸና ሞጣ መንገድ እንደ ልብ በሚኬድበት ጊዜ፣ ለሽምግልና ሞጣ ተጠርቼ ነበር። ባልየው የቢቸና ልጅ ነው፣ ሚስትየው የሞጣ። ልብሷን ሰብስባ፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ እናትና አባቷ ቤት ከገባች ሁለት ወር ሆኗታል። አራት ሆነን በደብረ ወርቅ በኩል ሄድን፤ ከመካከላችን አንዱ ባልየውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁት አዛውንት ነበሩ። ባልና ሚስቱ እንዳይታወቁ አንዳንድ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ።

የሚስትየው ክስ ሰው የሚደነግጥበት ዓይነት አልነበረም። አልመታኝም አለች። አይጠጣም፣ ሌላ ሴትም የለውም አለች። «ታዲያ ምን አደረገሽ ልጄ?» ሲሏት እንባዋ ቀደማት።

«ስናገር አይሰማኝም። እሺ ይላል፣ ከበር ሳይወጣ ይረሳዋል። ልጁን ከትምህርት ቤት አምጣው ብዬ ልጄን ሲመሽ አጥር ሥር ቆሞ አገኘሁት። ለአባቴ ሕክምና ያስቀመጥነውን ብር የዶሮ ቤት ልሥራ ብሎ አወጣው፤ የዶሮ ቤቱ ቆርቆሮ ሳይለብስ ይኸው ሁለት ክረምት ዘነበበት። የቤት ኪራይ ከፈልክ ወይ ስለው ከፍያለሁ ይለኛል፤ አከራይዋ መጥታ እኔን ትሰድበኛለች። እኔ ባል አላገባሁም፣ ሦስተኛ ልጅ ነው የማሳድገው።»

ባልየው አንገቱን ደፍቶ ሰማ። አልካደም። «ያለችው ሁሉ እውነት ነው። እኔም ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም» አለ።

እኛም እንደ ደንባችን አደረግን። ወቀስነው። «ልብ ግዛ እንጂ! የልጆች አባት አይደለህም ወይ?» አልነው። ከእንግዲህ ላይረሳ፣ ብር ላያባክን፣ ላይዋሽ ቃል አስገባነውና ዋስ አስጠራነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ታርቀው ስለነበር ይኼ ሦስተኛው ዋስ መሆኑ ነው። ሚስትየው ልጆቿን ይዛ ተመለሰች። እኛም ትዳር አቆምን ብለን ደስ ብሎን ወደ ቢቸና ተመለስን።

በመንገድ ላይ እኚያ አዛውንት አንድ ነገር አሉ። «ይኼ ልጅ ቃሉን የሚያጥፈው ንቆ አይመስለኝም። ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር። ጥጃ ጠብቅ ሲባል ጥጃው የሰው ማሳ ገብቶ እሱ ወፍ ሲያባርር ነው የሚገኘው። ውኃ ቅዳ ተብሎ ይላካል፣ ጄሪካኑን ምንጭ ዳር ጥሎ ይመጣል። አባቱ ስንት አርጩሜ ሰበሩበት፤ አልተወውም። ጭንቅላቱ ግን ከእኩዮቹ ይበልጥ እንደሆነ እንጂ አያንስም ነበር።»

ያን ቀን እንደ ጨዋታ ሰምቼ አለፍኩት። ዛሬ ሳስበው ግን እኚያ አዛውንት ሐኪም የሚጠይቀውን ዋና ጥያቄ ሳይጠየቁ መልሰውት ነበር። የማንሰማ እኛ ነን።

ሦስተኛው ዋስ አራት ወር ብቻ ቆየ።

ነገሩ የተገለጠው በሌላ በር ነው። የባልና ሚስቱ ትልቁ ልጅ ክፍል ውስጥ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተው፣ የጀመረውን አይጨርስም ተብሎ ወላጆቹ ተጠሩ። እየተመላለሱ ቆይተው አንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አደረሱት። ባለሙያው ልጁን መርምሮ ሲጨርስ ወደ ወላጆቹ ዞረና «ከቤት ማንን ይመስላል?» አለ። ሚስትየው ባሏን አየችው። ባልየውም ራሱን አየ።

ስሙ በእንግሊዝኛው ምሕጻር ኤዲኤችዲ ነው፤ በአማርኛ የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር ልንለው እንችላለን። ትናንት የመጣ የፈረንጅ ፋሽን አይደለም። ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ክራይተን በ1798 እ.አ.አ. ስለማይረጋ ትኩረት ጽፏል፤ እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲል በ1902 ተመሳሳይ ልጆችን ለሐኪሞች ጉባኤ ገልጿል። ለረጅም ጊዜ የልጆች ችግር ብቻ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ዛሬ ግን ብዙዎቹ ጋር እስከ ጉልምስና እንደሚዘልቅ ይታወቃል። በዓለም ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች ሲደማመሩ ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ፣ ከመቶ አዋቂዎች ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ያህሉ ላይ ይገኛል። በዘር የመተላለፍ ኃይሉም ብርቱ ነው። በመንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ሰባ ከመቶ በላይ የሚሆነውን ከዘር ጋር ያያይዙታል። አባትና ልጅ በአንድ ቀን መታወቃቸው የሚገርም አይደለም ማለት ነው።

ምን ያደርጋል? አንደኛ፣ ሐሳብን ለአጭር ጊዜ ይዞ የሚያቆየውን የአእምሮ ክፍል ያደክማል። «ስትመለስ ዘይት ግዛ» የተባለው ከቤት እስከ ሱቅ ድረስ አይቆይም፤ በመሐል አንድ ጓደኛ ሰላም ካለው በቃ፣ ዘይቱ ጠፋ። ሁለተኛ፣ የጊዜ ስሜትን ያዛባል። እንዲህ ላለው ሰው ጊዜ «አሁን» እና «አሁን ያልሆነ» ብቻ ነው፤ የዛሬ ሳምንት የሚከፈል ኪራይ አሁን ስላልሆነ የለም። ሦስተኛ፣ ፍሬኑ ይላላል፤ የመጣለትን ሐሳብ ሳያላምጥ ይናገረዋል፣ የማረከውን ነገር ሳያስብ ይገዛዋል። ሰውየው ማድረግ ያለበትን ያውቃል። የሚያቅተው የሚያውቀውን በሰዓቱ ማድረግ ነው። አባቶቻችን «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ሲሉ ይህንኑ ያዩ ይመስለኛል።

ትዳር ላይ ሲደርስ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ትኩረቱ የሚያንስ ሰው ሁልጊዜ ትኩረት ያንሰዋል ማለት አይደለም፤ አዲስና የሚያጓጓ ነገር ሲያገኝ ከሌላው ሰው በላይ ይመሰጣል። ያቺ የሞጣ ልጅ ስትታጭ እጮኛዋ በየሳምንቱ ከቢቸና ይመላለስ ነበር፤ ማታ ማታ በስልክ እስከ እኩለ ሌሊት ያወሩ ነበር። ከሠርግና ከመልስ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለመደ፣ ትኩረቱም ወደ ሌላ አዲስ ነገር ሄደ። እሷ ይህን ምን ብላ ትተርጉመው? «ከእጁ ስገባ ናቀኝ» ነው ያለችው። ማንም ቢሆን እንዲያ ነው የሚለው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በብዙ ቤት ተመሳሳይ ነው። ያልረሳው የረሳውን ሥራ ደርቦ ይሠራል። ሲሰለቸው ማስታወስ ይጀምራል፣ ማስታወሱ ወደ ቁጥጥር፣ ቁጥጥሩ ወደ ንዝንዝ ይለወጣል። ሌላው እንደ ሕፃን መቆጠሩ ያሳፍረዋል፤ ቁጣ ለማምለጥ «ከፍያለሁ» ብሎ ይዋሻል። ውሸቱ ሲገለጥ የጠፋው ብር ብቻ መሆኑ ቀርቶ እምነትም አብሮ ይጠፋል። ባልና ሚስት መሆናቸው ቀርቶ አሳዳጊና ልጅ ይሆናሉ። በዚህ ዓይነት ቤት ፍቅር አይቆይም፣ መኝታም አይጣፍጥም።

ሴት ስትሆን ደግሞ ፍርዱ ይከብዳል። እኛ አገር ወንድ ቢረሳ «ሐሳብ በዝቶበት ነው» ይባልለታል። ሴት ወጡን ካሳረረች፣ ሊጡን ረስታ ካኮመጠጠች፣ እንግዳ እንደሚመጣ ተነግሯት ቤቱን ሳታዘገጃጅ ካገኟት «ሙያ የላትም፣ እናቷ አላሳደገቻትም» ትባላለች። ልጃገረዶች ላይ ችግሩ ብዙ ጊዜ በመሯሯጥ አይታይም፤ ዝም ብሎ በሐሳብ በመጥፋት ስለሚታይ አስተማሪም ወላጅም አያውቅባቸውም። በዚህ የተነሳ ተፈትታ ለወላጆቿ የተመለሰች ስንት ሴት እንዳለች የሚቆጥር የለም። የምናውቀው ፍቺው ራሱ ብዙ መሆኑን ነው። በ1990 እ.አ.አ. በተሰበሰበ አገር አቀፍ መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2000 የታተመ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 ከመቶ ያህሉ በሠላሳ ዓመት ውስጥ በፍቺ እንደሚያበቁ፣ ከተፋቱት ሴቶች ሁለት ሦስተኛው የሚፋቱትም በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት እንደሆነ አሳይቷል። ጥናቱ ያለ ዕድሜ ጋብቻንና መካንነትን እንጂ የትኩረት ችግርን አላጠናም። ግን «ጠባያችን አልገጠመም» ተብሎ በሚዘጋው መዝገብ ውስጥ ይህም አንዱ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ ወደ ሽማግሌዎቹ። እኛ ያደረግነው ምንድን ነው? ማስታወስ የተሳነውን ሰው «እንዳትረሳ» ብለን ቃል አስገባነው። ይህ ማለት ዓይኑ የደከመን ሰው «ከእንግዲህ አጥርተህ ላታይ ዋስ ጥራ» እንደማለት ነው። ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ ሰውየውም ቃሉን ሲሰጥ ከልቡ ነበር። ቃሉ በፈረሰ ቁጥር ግን ሚስትየው የምትደመድመው «ዋስ ጠርቶ እንኳ ካልተወ በእርግጥም አይወደኝም» ብላ ነው። እያስታረቅን መስሎን ቁስሉን አጠለቅነው። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ነጥብ አንድ ነው። እንዲህ ላለው ትዳር ዕርቅ በመሐላ አይጸናም፣ በዘዴ ነው የሚጸናው።

ዘዴው ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዕቁብን እንይ። ብር በእጁ የማይበረክትለት ሰው ዕቁብ ሲገባ ይቆጥባል። ለምን? ቀኑ የታወቀ ነው፣ ሰብሳቢው ይጠብቀዋል፣ ቢቀር ዳኛው ይቀጣዋል። ደቦን እንይ። ብቻውን ሲያርም አንድ ትልም ሳይጨርስ የሚነሳው ሰው ደቦ ላይ ከጎኑ ሰው ካለ፣ ዘፈኑ ካለ ቀኑን ሙሉ ይውላል። በውጭው ዓለም ያሉ ባለሙያዎች ለኤዲኤችዲ ሰዎች የሚመክሩት ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ የሚታይ ቀጠሮ፣ አብሮ የሚሠራ ሰው፣ ቅርብ ውጤት። አባቶቻችን የሠሩትን ወደ ጓዳችን ማስገባት ነው የቀረን።

ከሞጣ ወደ አባይ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ አለ። በፋሲል ዘመን ተሠርቶ በጣልያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተሰበረ። ብዙ ዘመን ሰዎች ገደሉን የሚሻገሩት በገመድ ታስረው፣ በሁለቱም ወገን የቆሙ ሰዎች እየሳቧቸው ነበር። ማንም ተሻጋሪውን «ጎበዝ ከሆንክ ዝለል» አላለውም። ገመድ አቀረቡለት።

አራተኛው ሽምግልና ላይ ባልየውን ቃል አላስገባነውም። ወረቀት አወጣን። ደመወዝ በወጣበት ቀን፣ ገንዘቡ እጁ ሳይገባ፣ ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ በባንክ በኩል በቀጥታ እንዲተላለፍ ተስማሙ። ከተወሰነ ብር በላይ ለሚወጣ ማንኛውም ነገር ሦስት ቀን እንዲያድር ተባለ። ልጅ ማምጣት ከእሱ ላይ አልተነሳም፤ ስልኩ በየቀኑ ሁለት ጊዜ እንዲጮህ ተደረገ፣ ከጎረቤት አባት ጋርም አብረው እንዲሄዱ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ሲፈላ የሳምንቱ ጉዳይ ይነሳል፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካላንደር ላይም ይጻፋል። በሌላው ቀን ማስታወሱ የካላንደሩ ሥራ ነው፣ የእሷ አይደለም። እሷ ደግሞ አስፈላጊ ነገር ስትነግረው በሩቁ ከጓዳ ላትጮህ፣ ፊቱን አይታ አንድ በአንድ ልትነግረው፣ እሱም የሰማውን መልሶ ሊላት ተስማሙ። የዶሮ ቤቱን ቆርቆሮ የእሱ ወንድሞች መጥተው በአንድ ቅዳሜ በደቦ አለበሱት።

ዳነ ወይ? አልዳነም። ዛሬም ይረሳል። ግን ሲረሳ «ረሳሁ» ብሎ አይዘጋውም፤ ያበላሸውን ራሱ ያስተካክላል። መዋሸቱ ቀንሷል፣ ምክንያቱም የሚሸሸው ቁጣ ቀንሷል። ሚስትየውን ባለፈው በስልክ ሳገኛት «አሁንም ይደክመኛል ጋሼ፣ ግን አልናቀኝም፤ እሱን አውቄያለሁ» አለችኝ። ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ሦስት ማስጠንቀቂያ አለኝ።

የመጀመሪያው፣ የረሳ ሁሉ ኤዲኤችዲ አለበት ማለት አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ ድብርት፣ ጭንቀት፣ ጫትና መጠጥ፣ የእንቅርት በሽታም ትኩረትን ይበትናሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ክልላችን ያለበትን ሁኔታ ሁላችንም እናውቃለን፤ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ያደረ ሰው ጠዋት ልቡ ባይረጋ አይፈረድበትም። መለያው ዕድሜ ነው። የባለሙያዎቹ መመሪያ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየት እንዳለባቸው፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ፣ በቤትም በሥራም፣ ኑሮን እንደሚያውኩ ያስቀምጣል። የአዛውንቱ የጥጃ ጨዋታ ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ ኤዲኤችዲ ጥፋትን አያጥብም። ድብደባ በሽታ አይደለም፣ ወንጀል ነው። ውሽማ መያዝም የመርሳት ችግር አይደለም። ምርመራ ለሰውየው ማመካኛ ሳይሆን ኃላፊነት ነው የሚሰጠው፤ አንዴ ካወቀ በኋላ ዘዴ ያለማበጀቱ ጥፋቱ ነው። ሚስትም ብትሆን እስከ መቼም ትሸከም አልተባለችም። ዘዴው ተሞክሮ እሱ እጁን ካላነሳ መሄድ መብቷ ነው።

ሦስተኛው፣ ሕክምናውን የሚመለከት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.አ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ ችግሩን በዚሁ ስሙ አስፍሮታል። የሚረዱ መድኃኒቶች አሉ፤ ከሁሉ የታወቀው ሜቲልፌኒዴት ነው። ይሁንና ይኸው ድርጅት መድኃኒቱን ወደ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ለማስገባት በ2019 እና በ2021 የቀረበለትን ጥያቄ አልተቀበለም፤ በእኛ ወረዳ ከተማ ፋርማሲ በቀላሉ ይገኛል ብሎ መጠበቅም አይቻልም። ከተገኘም በሐኪም ትእዛዝ፣ ልብና የደም ግፊት እየታየ የሚወሰድ ነው እንጂ ከጎረቤት የሚዋሱት አይደለም። መድኃኒት ባይኖርም በምክር የሚሰጠው ሕክምና ይረዳል። ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ያሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ አዲስ አበባ ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ጠበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፣ ከንስሐ አባቱም ይማከር፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። በሽታውን የደበቀ ግን መድኃኒት አይገኝለትም።

ሕጉም ቢሆን ቦታ ትቶልናል። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ፍቺ ሲጠየቅ ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታዩ ማድረግ፣ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜም መስጠት እንደሚችል ይደነግጋል። ክልላችንም የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ይህ ጊዜ ለልመናና ለምልጃ ብቻ ለምን ይውላል? ሽማግሌዎች፣ ንስሐ አባቶች፣ የቤተሰብ ችሎት ዳኞች፣ የሴቶች ጉዳይ ባለሙያዎች በእነዚህ ሦስት ወራት ውስጥ ባለትዳሮቹን ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ሊልኳቸው ይችላሉ። የጤና ቢሮዎችም ለሽማግሌዎችና ለመምህራን የግማሽ ቀን ትምህርት ቢሰጡ ወጪው ብዙ አይደለም።

ሽማግሌዎች ግን ቢሮ እስኪንቀሳቀስ መጠበቅ የለብንም። እኛ ስንቀመጥ የምንጠይቀው ሁልጊዜ «ማን ጀመረው? ማን በደለ?» የሚል ነው። ከዚህ በኋላ አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ «ይህ ጠባይ ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?» እንበል። መልሱ «ከልጅነቱ ጀምሮ» ከሆነ ዋስ መጥራቱን እናቆየውና ሐኪም እንጥራ፣ ወረቀትና እስክሪብቶም እናምጣ። እኔ ይህን ጥያቄ ያን ቀን ሞጣ ላይ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ፣ ያቺ ልጅ ልጆቿን ይዛ ለአራተኛ ጊዜ አውቶቡስ ባልተሳፈረች ነበር።